ሙሉ ዶሮ በማር ስትጠብሱ ማሩን አታስቀድሙት

ለበዓል እራት ሙሉ ዶሮ ኦቨን ውስጥ የምትጠብሱ፣ ማሩን ገና ከመጀመሪያው አትቀቡት። ማር ቶሎ ያራል፤ ላዩ ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

መጀመሪያ ዶሮውን በወረቀት ፎጣ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ቆዳው እርጥብ ከሆነ ምንም ብትቀቡት ተንሸራቶ ትሪው ላይ ነው የሚቀረው። በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በትንሽ ቅቤ አሹትና በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግባ። ኪሎ ተኩል የሚሆን ዶሮ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይፈጃል።

የሚቀባው ቀላል ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 ማንኪያ ሰናፍጭ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በቃ። ለስ ባለ እሳት አሙቁትና ማንኪያው ጀርባ ላይ መያዝ ሲጀምር አውርዱት። ዶሮው ሊወጣ 20 ደቂቃ ሲቀረው ቀቡት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ክንፉ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት። ላዩ ቀላ ብሎ ሲያብረቀርቅና ዳር ዳሩ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ ደርሷል፤ ግን መልኩ ብቻ አያታልላችሁ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ አጥንቱን ሳትነኩ ታፋው ውስጥ ሰክታችሁ 74 ዲግሪ መድረሱን እዩ።

ከዚያ እንግዳው ቢቸኩልም 15 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይረፍ። ትሪው ላይ የተጠራቀመውን ጭማቂ ደግሞ እንዳትደፉት፣ ስቡን ገፈፍ አድርጋችሁ ሥጋው ላይ አፍስሱት።