ሎዱ እጥፍ ሲከፍል በሩ ላይ ማን እንደቆመ ጠይቁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሎድ (የሚጓጓዝ ጭነት) ደረሰኝ፤ መንገዱ አጭር፣ ክፍያው የወትሮው እጥፍ። ዛሬስ ቀናኝ ብዬ ሄድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ሰዎች ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ይዘው ይዞራሉ፤ ሲጮኹብኝ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ጡሩምባ ነፋሁላቸው። ገባሁ፣ አራገፍኩ፣ ወጣሁ። የሰው አድማ ሰብሬ እንደወጣሁ የነገረኝ ማታ ትራክ ስቶፕ ያገኘሁት የሀገሬ ልጅ ነው፤ ያውም እየሳቀብኝ። አሜሪካ ውስጥ ትራክ የምትነዱ፣ ወይም ሲዲኤል (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት የምትማሩ ካላችሁ፣ እኔ የሠራሁትን እንዳትደግሙት እስቲ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዋጋውን ጠርጥሩ። ብሮከር፣ ማለትም ጭነቱንና ትራኩን የሚያገናኘው ደላላ፣ ደግ ሆኖ አይጨምርም። በረዶ ይሆናል፣ የበዓል ሰሞን ይሆናል፤ ካልሆነ ግን የተለመዱት ሾፌሮች እምቢ ያሉት ነገር ይኖራል። ሎዱን ከመቀበላችሁ በፊት "እዚያ አድማ አለ ወይ?" ብላችሁ በቴክስት ጠይቁ።

ቀጥሎ ወረቀታችሁን እዩ፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። በደብልዩ ቱ፣ ማለትም በተቀጣሪነት፣ የምትሠሩ ከሆነ የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ አለላችሁ። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ባይኖራችሁም፣ ሁለት ሆናችሁ ስለ ክፍያ ብታማርሩ አሠሪው ለዚህ ብሎ ሊያባርራችሁ አይችልም፤ "ደሞዝህን ለማንም አትናገር" ማለትም አይችልም። ካደረገው በ6 ወር ውስጥ ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ታመለክታላችሁ። በ1099፣ ማለትም ሳትቀጠሩ በኮንትራክተርነት፣ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ የ1947ቱ ማሻሻያ ኮንትራክተሮችን በግልጽ አስወጥቷቸዋል። ይባስ ብሎ ኮንትራክተሮች ተሰብስበው "በማይል ከዚህ ዋጋ በታች ማንም አያንሳ" ቢባባሉ፣ እንደ ትልልቅ ድርጅቶች የዋጋ ሴራ ሊቆጠርባቸው ይችላል። አንዲት ትራክ ያለችው፣ እሷንም በዕዳ የያዘ ሰው፣ በሕግ ፊት ድርጅት ነው እንግዲህ።

ስለዚህ 1099 መባላችሁ እውነት መሆኑን አጣሩ። ትራኩ የማን ነው? ለሌላ ካምፓኒ መሥራት ትችላላችሁ? ሎድ አልፈልግም ብትሉ ምን ይከተላል? ትራኩ የካምፓኒው ሆኖ ሊዙ (የትራኩ ኪራይ) በየሳምንቱ ከሴትልመንታችሁ (ከክፍያ ሂሳባችሁ) እየተቆረጠ፣ ሌላ ቦታ መሥራትም ተከልክላችሁ ከሆነ፣ ስሙ ነው እንጂ ተቀጣሪ ነን ለማለት ጥሩ መነሻ አላችሁ። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ፣ ኤስኤስ-8 የሚባል ፎርም አለው፤ ሞልታችሁ ስትልኩ ምን እንደሆናችሁ እነሱ ይወስናሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ማን ኮንትራክተር እንደሚባል የሚወስነውን ሕግ ከ2020 ጀምሮ አጥብቃዋለች። ታዲያ በጁላይ 2022 የኦክላንድን ወደብ የዘጉት ይህንኑ ሕግ የተቃወሙ፣ የራሳችን ጌታ እንሁን ያሉ ትራከሮች ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ ትራክ በምን ላብ እንደሚገዛ አውቃለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ሐበሻ በሞላባት ሚኒያፖሊስ፣ በ1934 የጭነት ሾፌሮች ከተማዋን ቀጥ አድርገዋት ነበር፤ ጁላይ 20 ፖሊስ ተኩሶባቸው ሁለት ሰው ሞተ፣ በኦገስት ግን አሸንፈው ወደ ሥራ ተመለሱ። በ1964 ቲምስተርስ የተባለው የሾፌሮች ዩኒየን በመላ ሀገሪቱ ያሉ የጭነት ሾፌሮችን በአንድ ውል ሥር አስገባ። ከዚያ በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ገበያውን ከፈተው፤ ትራክ ያለው ሁሉ ገባ፣ ዋጋ ወረደ፣ ዩኒየን ያላቸው ካምፓኒዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሎው (Yellow) የተባለው ትልቅ የጭነት ካምፓኒ በ2023 ሲወድቅ 30 ሺህ ገደማ ሰው ሥራ አጣ። እኛም የገባነው በዚሁ በተከፈተው በር መሆኑን መካድ የለብንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ። ብዙዎቻችን የምንነዳው ለሐበሻ ካምፓኒ ነው። ባለቤቱ ጋሼ እገሌ ናቸው፤ ሲዲኤል ስታወጡ ብር ያበደሯችሁ፣ ልጃችሁን ክርስትና ያነሱ። እሳቸውን "ስንት ቆረጡብኝ?" ማለት ነውር ይመስላል፤ ሎድ የሚመድበው ዲስፓቸርም ይህን ስለሚያውቅ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ይላችኋል። ቤተሰብነቱ ይኑር። እቁብ ላይ የእናት ልጅም ቢሆን ዋስ ሳይጠራ ብር አይወስድም፤ ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። እናም ሦስት ሆናችሁ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ያንድ ሳምንት ሴትልመንታችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ፤ ዲስፓቸሩ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን በፍጹም። ኦነር ኦፕሬተር (ባለ ትራክ ሾፌር) ሆናችሁ በፐርሰንት የምትከፈሉ ከሆነ፣ የሎዱን ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ ግልባጭ ማግኘት በፌዴራል ደንብ መብታችሁ ነው። "ብሮከሩ ይህን ያህል ነው የከፈለው" በሚል የአፍ ወሬ አትለፉት።

በሕግ የተፈቀደላችሁ የመንዳት ሰዓት አልቆ "ትንሽ ግፋው" ብትባሉ እምቢ በሉ። በዚህ የተነሳ ብትባረሩ በ180 ቀን ውስጥ ለሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ለኦሻ አቤት ማለት ይቻላል፤ ይሄኛው ሕግ ደስ ሲል 1099 የሆነውንም ሾፌር ያቅፋል።

በሩ ላይ ከደረሳችሁ በኋላስ? አትግቡ። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ቁሙ፣ ውረዱና አድመኞቹን አናግሩ፤ አንዳንዴ አድማው የአንዱ በር ብቻ ነው፣ ለሌላው ሰው የተለየ መግቢያ ይኖራል። የቲምስተርስ አባል ከሆናችሁ ለሾፕ ስቱዋርዱ (በሥራ ቦታችሁ ላለው የዩኒየኑ ተወካይ) ደውሉ፤ ውላችሁ ውስጥ ስለዚህ የሚል አንቀጽ መኖሩን ይነግራችኋል። ደብልዩ ቱ ሆናችሁም አልገባም ስትሉ በቦታችሁ ሌላ ሰው ሊተካ ይችላል፤ 1099 ከሆናችሁ ደግሞ ብሮከሩ ዳግም ላይደውል ይችላል። ይህን አውቃችሁ ወስኑ። ሎዱን ግን ጥላችሁ እንዳትሄዱ፤ ያ ስም ሌላ ሥራ ስትጠይቁ ይከተላችኋል። ለዲስፓቸሩ "በሩ ላይ አድማ አለ፣ አልገባም፣ ሎዱን የት ላድርሰው?" ብላችሁ በጽሑፍ ላኩለት። መልሱ እስኪመጣም በጊዜ ትራክ ስቶፕ ግቡ፤ መሸት ካለ ፓርኪንግ አይገኝም።