አሳይመንት ላይ ኤአይ ሲገባ፦ ለታሪክ መምህራን ችግርና መፍትሄ

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ታሪክ ለምታስተምሩ ነው የምጽፈው። ተማሪው ጥያቄ ሲሰጡት ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሰጠውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ለምሳሌ ቻትጂፒቲን፣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ስለሚገባ፣ ይከልከል አይከልከል የሚለውን ክርክር ትቼ እርማት ላይ ከሚታዩት ምልክቶች ልጀምር።

ምልክት፦ ዓመተ ምሕረቱ ተዘበራርቋል

አንዱ አድዋን በ1880፣ ሌላው በ1896 ዓ.ም. አድርጎታል።

መንስኤ፦ ኤአይ የሠለጠነበት ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ይበልጥ የሚያውቀውም የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። የኛን 1888 ሲሰጡት የፈረንጅ መስሎት 8 ይቀንስበታል፤ ወይም 1896ን እንዳለ ትቶ "ዓ.ም." ይለጥፍበታል።

መፍትሄ፦ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያልተጻፈበትን አሳይመንት አትቀበሉ። ሒሳቡንም ተማሪው በእጁ ይሥራው። የካቲት 23 ቀን 1888 ላይ 8 ሲደመር 1896 ይመጣል። ደርግ ንጉሡን ያወረደበት መስከረም 2 ቀን 1967 ግን ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በፊት ስለዋለ የሚደመረው 7 ነው፤ 1974። ይቺን የ7 እና የ8 ነገር ማሽኑም ተማሪውም እኩል ይስቷታል።

ምልክት፦ ማጣቀሻው ያምራል፣ መጽሐፉ ግን የለም

መንስኤ፦ ኤአይ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ካላመጣ በቀር፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። የማጣቀሻን መልክ ስለሚያውቅ ደራሲውንም ገጹንም አሟልቶ ይፈጥራል።

መፍትሄ፦ የተጠቀሰው ገጽ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላክ። ፎቶ ከሌለ ማርክ የለም።

ምልክት፦ ዲቴክተሩ (ጽሑፍ በኤአይ መጻፉን እለያለሁ የሚለው ፕሮግራም) "90 በመቶ ኤአይ" አለ፣ ተማሪዋ ግን ራሴ ነኝ የጻፍኩት ትላለች

እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

መንስኤ፦ ብዙዎቹ ዲቴክተሮች የሚመዝኑት ቃላቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመቱ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የለመዳቸውን ቃላት ስለሚደጋግም ማሽን ይመስላቸዋል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት ዲቴክተሮችን በቶፍል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ፈተና) ድርሰቶች ላይ ሲሞክሩ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሰው የጻፋቸው ድርሰቶች የኤአይ ተብለዋል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይም ራሱ ያወጣውን ዲቴክተር ብዙ ስለሚሳሳት በዚያው ዓመት ዘግቶታል። የኛ ልጅ ታሪክን የሚማረውም የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግዲህ የሚከሰሰው ማን እንደሚሆን አስቡት።

መፍትሄ፦ የዲቴክተርን ቁጥር ማስረጃ አታድርጉት። ተማሪዋን ጠርታችሁ ከራሷ ጽሑፍ አንድ ነገር ጠይቁ፦

"ምኒልክ የውጫሌን ውል በ1885 ሰረዙ ብለሻል። አድዋ 1888 ነው፤ በመካከሉ ምን ተደረገ?"

"መሣሪያ እየሰበሰቡ ነበር፣ ቲቸር። ራስ መንገሻም አዲስ አበባ መጥተው የገቡላቸው በዚያ መሀል ነው።"

ይህን የመለሰች ልጅ ጉዳዩን ታውቀዋለች። በአማርኛ ከመለሰችም ተቀበሏት፤ እየፈተናችሁ ያላችሁት ታሪክ እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። ዝም ካለች ደግሞ ሳይጨቀጨቁ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ እንደገና ትጻፈው። ስድሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ይህ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ በዕጣ አምስት አምስቱን ጥሩ። ተራው ለማን እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ሁሉም አንብቦ ይመጣል።

ምልክት፦ የክፍሉ አሳይመንት በሙሉ አንድ ዓይነት ነው

መንስኤ፦ ጥያቄው። "የአድዋን ድል መንስኤና ውጤት ዘርዝር" የሚለው ኤአይ ከመምጣቱ በፊትም ከታላቅ ወንድም ደብተር የሚገለበጥ ነበር።

መፍትሄ፦ ተማሪውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ጥያቄ ስጡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት አለላችሁ። ተማሪው ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች በዓይኑ ይይ፤ ከዚያ ኤአይ ስለ ሐውልቱ የሰጠውን ገለጻ ፕሪንት አድርጎ፣ ስህተቱንና የጎደለውን በቀይ እስክርቢቶ ያርም። ማርኩ የሚሰጠው ለእርማቱ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ስሙ ከታሪክ የመጣ አደባባይ ወይም ትምህርት ቤት አታጡም።

ምልክት፦ መምህሩ ራሱ የተማሪዎችን ስምና ውጤት ኤአይ ላይ እየለጠፈ ነው

መንስኤው ድካም ነው፤ ሮስተር የሠራ ያውቀዋል። መፍትሄው ግን ቀላል ነው፦ ስሙን አጥፍታችሁ ተራ ቁጥር ተጠቀሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በነገራችን ላይ ቻትጂፒቲ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ የወላጅ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙት።