መምህራን በኦንላይን እንዲያስተምሩ ስናበረታታ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ባሉ ግቢዎች መምህራን ኮርሳቸውን በኦንላይን እንዲያግዙ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ ለአሰልጣኞችና ለአይሲቲ ባልደረቦቼ ነው። "መምህሩ አልፈልግም አለ" የሚል ቅሬታ በየስብሰባው ይነሳል። ቀረብ ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኛው መምህር አልፈልግም አላለም። የቀረበለት ነገር ሥራ ጨመረበት እንጂ አንድም ሥራ አላቀለለትም። ስለዚህ ነው የተወው።

የአንድ ቀን ስልጠና ሰጥቶ መበተን

ይህንን ስህተት ደጋግሜ አይቼ ታክቶኛል። አዳራሽ ይያዛል፣ ሰማንያ መምህር ይጠራል። ጠዋት የመክፈቻ ንግግር ነው። ከሻይ በኋላ ሙድል የተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም ገጽ በፕሮጀክተር ይከፈትና "እዚህ ጋ ይጫኑ፣ ከዚያ እዚህ ጋ" ይባላል። ከሰዓት የድሬ ሙቀት ሲበረታ የሚከታተለው ሰው ጥቂት ነው። ማምሻውን ሰርተፍኬትና አበል ተሰጥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ መምህሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ ሲሞክር ፓስወርዱ አልሠራ ይለዋል። የሚደውልለት ሰው የለም። በቃ፣ እዚያው ያበቃል። ሪፖርቱ ላይ ግን "80 መምህራን ሰለጠኑ" ተብሎ ይጻፋል። ከወራት በኋላ ሌላ አዳራሽ ይያዛል።

ይህ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። የባሰው ጉዳት መምህሩ "ሞክሬው ነበር፣ አይሆንም" ብሎ መደምደሙ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እሱን መመለስ ከመጀመሪያው እጥፍ ይከብዳል። የተለማመደውም በሌላ ሰው የናሙና ኮርስ ላይ ነው። ፋርማኮሎጂ የምታስተምረውና ስትራክቸር (የሕንፃ መዋቅር) የሚያስተምረው መምህር ችግራቸው ለየቅል ነው። አንድ ስላይድ ለሁለቱም አይመልስም።

የሚሠራውን ልንገራችሁ። ከአንድ ዲፓርትመንት አራት ወይም አምስት መምህራን ሰብስቡ። እያንዳንዱ የራሱን ኮርስ ይዞ ይምጣ፤ በተለይ ተማሪ በየዓመቱ የሚወድቅበትን ምዕራፍ። ከክፍሉ ሲወጣ አንድ ነገር ተጠናቆ በእጁ ይኑር፤ ለምሳሌ ራሱን የሚያርም አሥር ጥያቄ ያለው ኩዊዝ። የመቶ ሃያ ተማሪ ወረቀት ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ያረመ መምህር፣ ሙድል ውጤቱን ወዲያው ሲያወጣለት ማግባቢያ አያስፈልገውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቢሮው ድረስ ሂዱ። ምን እንደሠራለት፣ የት እንደተደናቀፈ አብራችሁት እዩ።

ሐረር የማውቃት አንድ አንጋፋ የነርሲንግ መምህርት አለች። ተማሪዎቿ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በፈረቃ ይለማመዳሉ። ሁሉም አንድ ላይ ነፃ የሚሆኑበት ሰዓት የለም። እሷም አጫጭር የድምፅ ማብራሪያዎችን በስልኳ ቀድታ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት ጥያቄ ማስቀመጥ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ የዲፓርትመንቷ ሰዎች "እስኪ አሳዪን" እያሉ ቢሮዋ ይመጡ ጀመር። ከየትኛውም አዳራሽ ይልቅ ብዙ መምህር ያሳመነችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው በየዲፓርትመንቱ አለ። ፈልጉት፣ ለድካሙም ሰዓት መድቡለት።

ፋይል መለጠፍን እንደ ማስተማር መቁጠር

ብዙዎቻችን ስለ ኦንላይን ትምህርት ያለን ሥዕል ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጣ ነው። በኮሮና ምክንያት ግቢዎች ተዘጉ፣ ያለው ሁሉ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ላከ። ያኔ የነፍስ አድን ሥራ ነበር፣ ክብር ይገባዋል። ዛሬም በዚያው መቀጠል ግን ተማሪውን ይበድለዋል። ቴሌግራም ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፣ ተዉት አልልም። ዘጠና ገጽ ሞጁል ወርውሮ "አንብቡ" ማለት ግን ማስተማር አይደለም። ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ነገር መሥራትና የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ አለበት። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ስለዚህ መምህሩ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ካለው፣ ሳምንታዊ አጭር ኩዊዝ እንዲያዘጋጅ ምከሩት። ስላይዱን ማሳመር ይቆይ።

ረጅም ቪዲዮ

የሁለት ሰዓት ሌክቸር እንዳለ ቀርፆ መጫን ድካሙ ብዙ ነው፣ ተመልካቹ ግን ትንሽ ነው። ፊሊፕ ጉኦና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአብዛኛው ከስድስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። እኛ ጋ ደግሞ የዳታ ዋጋ አለ። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ የአሥር ደቂቃ ድምፅ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ከስላይዱ ጋር ከተላከ ብዙ ምዕራፍ ይበቃዋል። አፉን በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ፈትቶ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ፣ ዶርሙ ሆኖ ያልገባውን እያቆመ ደግሞ መስማት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ "ይደገምልኝ" የማይለው ብዙ ነው።

ሁሉንም ነገር በቀጥታ ስርጭት ማድረግ

መብራት ይጠፋል፣ ኮኔክሽን ይቆራረጣል፣ ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ቀጥታውን ለጥያቄና ለውይይት አቆዩት።

ሰዓቱን አለማስተካከል

ቀላል ይመስላል፣ ግን የሰው ውጤት ያበላሻል። አንድ መምህር አሳይመንት ማስረከቢያውን ሲስተሙ ላይ "ሰኞ 12፡00 ኤኤም" ብሎ ሞላ። ይህ እሁድ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ግን ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ብለው አነበቡት። ሌሊቱን ሠርተው ጎህ ሲቀድ ሊያስገቡ ሲሉ ተዘግቷል። የክፍሉ ተወካይ (ሪፑ) ሊያስረዳ ሄደ፣ መምህሩ "ሲስተሙ ነው የዘጋው" አለ። ብዙ ልጅ ዜሮ ተያዘበት። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ኦንላይን የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም፣ መምህሩም ወደ ወረቀት ተመለሰ። መፍትሔው ደቂቃ አይፈጅም። መግለጫው ላይ "እሁድ ማታ 3 ሰዓት" ብሎ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ፣ ሲስተሙን 9፡00 ፒኤም ላይ ማድረግ፣ ቀኑን በሁለቱም ካሌንደር ማስቀመጥ። የእኩለ ሌሊትና የቀትር ሰዓትን ጨርሶ አትጠቀሙ። አሰልጣኞች ይህን በመጀመሪያው ቀን ካላሳያችሁ ሌላውን ሁሉ ማሳየታችሁ ዋጋ የለውም።

ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራውን አለማሳየት

የሙድል የስልክ መተግበሪያ የኮርስ ፋይሎችን ቀድሞ ማውረድ ያስችላል። መምህሩ ኩዊዙ ላይ ከፈቀደ፣ ተማሪው ያለ ኮኔክሽን ሠርቶ በኋላ ሲገናኝ ይልከዋል። ኩዊዙ የሰዓት ገደብ ከሌለው፣ በአብዛኛው አንድ ምርጫ "አዎ" ማለት ነው የሚጠይቀው። ግቢ ዋይፋይ ላይ ያወረደ ተማሪ ለልምምድ ፋብሪካ ወይም ጤና ጣቢያ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ መምህር "ተማሪዎቼ ኔት የላቸውም" ብሎ ቢተው አይፈረድበትም።

ማስገደድና አለመቁጠር

"እስከ ወር መጨረሻ ሁሉም ኮርስ ይጫን" የሚል ደብዳቤ ባዶ የኮርስ ገጾችን ያበዛል። የዝግጅቱን ሰዓት ከመምህሩ ሎድ (መደበኛ የማስተማር ሰዓት) ጋር ሳትቆጥሩ ጥራት አትጠብቁ።

ተማሪውን አለመጠየቅ

ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል፦ ምን ረዳህ? ምን አስቸገረህ? ስም አይጻፍበት። መልሱ ለመምህሩ ብቻ ይድረስ። ዲን ቢሮ ገብቶ ለሥራ ግምገማ ከዋለ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ተማሪውን ደፍሮ የሚጠይቅ መምህር አታገኙም።