የሚከራይ ቤት ሠርታችሁ በገቢው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ልታድሱ ስታስቡ እንዳትሠሯቸው የምለምናችሁ ስህተቶች

የጥንት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሌሊት አያረጅም። መጀመሪያ አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል። ክረምት ሲገባ ውሃው መውጫ ያጣና በግድግዳው ይወርዳል። ከዚያ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ጫፉ ይላቀቃል። የመልአኩ ክንፍ እርጥበት ይዞ ያብጣል። ዲያቆኑ ከሥር ባልዲ ያስቀምጣል። ባልዲው ሦስት አራት ክረምት እዚያው ይቆያል። በመጨረሻ መሐንዲስ ሲጠራ፣ የሚናገረው ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት የሚገኝ አይደለም።

ይሄኔ ነው በስብሰባው መሐል አንድ ሰው ተነሥቶ «ግቢያችን ሰፊ ነው፤ ለምን አፓርታማ ሠርተን በኪራዩ አናድሰውም?» የሚለው። ሐሳቡ መልካም ነው። ኒው ዮርክ ላይ ተሠርቶበታል፣ እንግሊዝም መመሪያ አውጥታለታለች። አዲስ አበባ ውስጥ አጥራቸውን ተከትለው የሚከራይ ሕንፃ የሠሩ ደብሮች ጥቂት አይደሉም። እዚህ አሜሪካም ብዙዎቹ የኛ ደብሮች ከሌሎች አብያተ እምነት የገዟቸው ሕንፃዎች ያረጁ ስለሆኑ፣ ጥያቄው ወደኛም መጥቷል። እኔ ራሴ በአንድ ደብር የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ አገልግያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሌሎችንም ታሪክ ስከታተል፣ የሚሠሩት ስህተቶች ይመሳሰሉብኛል።

ከአልሚው ሥዕል መጀመር

በኛ ኮሚቴ የሆነው ይህ ነው። አንድ አልሚ፣ ማለትም በራሱ ገንዘብ ሕንፃ ሠርቶ የሚነግድ ባለሀብት፣ መጣና ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም ሥዕል ዘረጋ። ስድስት ፎቅ፣ በረንዳው ላይ አበባ፣ ከፊት ለፊት ልጆቿን ይዛ የምትሄድ እናት። ሁላችንም ደስ አለን። ስንት መኪና እንደሚያቆም ጠየቅን፣ ስንት መኝታ እንዳለው ጠየቅን። በኋላ ቃለ ጉባኤውን ሳነበው ስለ መኪና ማቆሚያው አንድ ገጽ ተኩል ተጽፏል። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ግን አንድ መስመር አልነበረም። የተሰበሰብነው ግን ለጣሪያው ነበር።

መነሻው አሮጌው ሕንፃ መሆን አለበት። የድሮ ሕንፃ የሚያውቅ መሐንዲስ ከጉልላቱ እስከ መሠረቱ ይየው። የሚያወጣውን ዝርዝር ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ዘንድሮ ካልተሠራ የሚፈርስ፣ አምስት ዓመት የሚታገሥ፣ እና ቢቆይም ግድ የሌለው። ውሃ የሚያስገባ ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍል ነው። መጠባበቂያም ያዙ። ቆርቆሮው ሲነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ መገኘቱ የተለመደ ነው።

የዋጋው ግምት በእጃችሁ ሲገባ፣ ካላችሁ ገንዘብና ከምእመናን ይገኛል ከምትሉት ጋር አስተያዩት። የጎደለው ስንት ነው? የቤቱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ጉድለት ነው። እንግሊዞች በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። የቅርስ ተቋማቸው ሂስቶሪክ ኢንግላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቅርስ ለማዳን ተብሎ በሌላ ጊዜ የማይፈቀድ ግንባታ የሚፈቀደው ሌላው አማራጭ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። ያውም ጉድለቱን ለመሙላት በሚበቃው ልክ ብቻ። ጉድለቱም ከሕንፃው ችግር የመጣ መሆን አለበት። የባለቤቱ ኪስ መሳሳት አይቆጠርም። ይህን ሕግ እኛም በራሳችን ላይ ብናወጣው ደስ ይለኛል። ለአንድ ጣሪያ ተብሎ የተጀመረ ነገር አሥራ ሁለት ፎቅ ሲደርስ፣ እድሳቱ ሰበብ ሆኗል ማለት ነው።

መሬቱን ለዘለዓለም መስጠት

ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሞርኒንግሳይድ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር፣ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል አለ። ሴንት ጆን ዘ ዲቫይን ይሉታል። ግንባታው በ1892 ተጀምሮ (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው) እስከ ዛሬ አላለቀም። በታኅሣሥ 2001 እሳት ተነሥቶ ሰሜናዊ ክንፉን አቃጠለው፤ ጢሱ የቀረውን የውስጥ ክፍል አጠቆረው። ጸድቶና ታድሶ እንደገና የተመረቀው በኅዳር 2008 ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሕንፃ በምጽዋት ብቻ አይኖርም።

ካቴድራሉ ሰፊ ግቢ ነበረው። ከግቢው ሁለት ቦታ ለመኖሪያ ቤት ሰጠ። በደቡብ ምሥራቁ ጥግ 295 አፓርታማ ያለው ሕንፃ በ2008 ተጠናቀቀ። በሰሜን በኩል፣ በ113ኛው መንገድ ላይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ 428 አፓርታማ ተሠራ። ቦታዎቹ ግን አልተሸጡም። ሁለቱም ለ99 ዓመት ነው የተከራዩት። አልሚው ይሠራል፣ ያከራያል፣ ለካቴድራሉ የመሬት ኪራይ ይከፍላል። ዘመኑ ሲያልቅ ቦታው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

የተሸጠ መሬት አንዴ ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ ጣሪያውን ይሠራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ጣሪያው እንደገና ሲያፈስ የሚሸጥ ነገር የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ይለያል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ስለዚህ የአሜሪካውን ውል ወስዶ መተርጎም አያዋጣም። አገር ቤት የሚያሰጋው በጋራ ማልማት የሚባለው ነው። ደብሩ ቦታውን ያመጣል፣ አልሚው ገንዘቡን፣ ከዚያ ፎቆቹን ይካፈላሉ። የአልሚው ድርሻ እስከ መቼ ነው? ለሦስተኛ ሰው ሊሸጠው ይችላል? ምድር ቤት ያለውን ሱቅ ለመጠጥ ቤት ቢያከራየው ማን ይከለክለዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በውሉ ላይ መልስ ከሌላቸው አትፈርሙ። የደብሩ ጠበቃም የደብሩ ይሁን። አልሚው በሚከፍለው ጠበቃ የተጻፈ ውል ስንት ቦታ እንዳስለቀሰ ስለማውቅ ነው።

«ባዶ ቦታ» ማለት

የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም። ጽዱና ወይራው ከሕንፃው ጋር አብሮ የኖረ ነው። መቃብሩ የሰው አባትና እናት ነው። ጥምቀት ላይ ታቦቱ የሚወጣበት፣ ሕዝቡ እልል እያለ የሚቆምበት ሜዳ፣ በሌላው ቀን ሲያዩት ባዶ ይመስላል።

እይታም አለ። ሴንት ጆን የሠራውን ነገር ባደንቅም፣ በዚህ በኩል ያዝንኩበት ነገር አለ። በ113ኛው መንገድ ብትሄዱ፣ ድሮ ከሰሜን በኩል ጎልቶ ይታይ የነበረው የካቴድራሉ ጎን በአፓርታማው ተጋርዷል። በ2003 የከተማዋ የቅርስ ኮሚሽን ካቴድራሉን ብቻ ሲመዘግብ፣ የከተማው ምክር ቤት ምዝገባውን የሻረው ግቢውም አብሮ ይመዝገብ በሚል ነበር። ካቴድራሉ ከነግቢው የተመዘገበው በ2017 ነው፤ ያኔ አፓርታማዎቹ ያረፉባቸው ሁለት ቦታዎች ከምዝገባው ውጭ ቀሩ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህን ሞክሩ። የታሰበው ሕንፃ ቁመት ድረስ ረጅም እንጨት ወይም ፊኛ አቁሙ። ከዚያ ወደ መንገዱ ውጡና ከሩቅ ጉልላቱን ፈልጉት።

ሕጉን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ሴንት ባርቶሎሚው የምትባል ቤተ ክርስቲያን በማንሃተን አለች። በ1980ዎቹ ከጎኗ ያለውን የማኅበረሰብ ቤት አፍርሳ የቢሮ ሰማይ ጠቀስ ልትሠራ አሰበች። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ነበርና የቅርስ ኮሚሽኑ ከለከላት። እሷም ከሰሰች። በ1990 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደባት፤ በአሁኑ ቤቷ አገልግሎቷን መቀጠል እንደማትችል አላስረዳችም አላት። በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ሄደ።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገንና ለማደስ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥንታዊ ደብር ያላችሁ ሁሉ አልሚ ከማነጋገራችሁ በፊት እዚያ ሂዱ። ሥዕል ሳትይዙ ሂዱ፤ ምን ይፈቀዳል ብላችሁ ጠይቁ። በውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ። የገዛችሁት ሕንፃ የተመዘገበ መሆኑን ብዙ ጊዜ የምታውቁት መስኮት ልትቀይሩ ስትነሡ ነው።

ምእመኑንና ጎረቤቱን ካለቀ በኋላ መጥራት

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ክላረንደን አጠገብ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከላዩ አፓርታማ ተሠርቶበታል። 116 ቤት ነው፤ 70ው አቅማቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች። በ2012 ተከፈተ። ጸሎት ቤቱ ከሥር ነው። ከአሮጌው ሕንፃ ሾጣጣው ማማ ቀርቷል። ሥራው ግን በተቃውሞና በክስ ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ ቢረታም፣ የተጓተተ ዓመት ሁሉ ዋጋ ይጨምራል።

ሁሉንም ሰው ማስማማት አይቻልም። ግን ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ እናቶች፣ መቃብር ያላቸው ቤተሰቦች፣ የአጥር ጎረቤቶች ነገሩን ከቃለ ጉባኤ ሳይሆን ከወሬ ከሰሙት፣ በኋላ ምንም ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ቁጥሩን አውጡ። በሉህ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት።

እድሳቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። «ቤቱ ይለቅና ከትርፉ እናድሳለን» ይባላል። ቤቱ ሲሠራ ብረት ይወደዳል፣ ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ትርፉ ይቀንሳል። በመጨረሻ አዲሱ አፓርታማ መብራቱ በርቶ፣ ከጎኑ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮው እንደዛገ ይቀራል።

በእንግሊዝ ይህን በውል ያስሩታል። ጥገናው ይህን ያህል ካልደረሰ በአዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ሰው አይገባም ይባላል። እናንተም እንዲህ አስሩት። ከአልሚው የሚመጣው የመጀመሪያ ክፍያ በዝግ ሒሳብ ይግባና ለጣሪያው ብቻ ይውጣ። አዲሱ ሕንፃ መሠረቱ ሲቆፈር የአሮጌው ጣሪያ ሥራ አብሮ ይጀመር።

ለአዲሱ የመጣውን ተቋራጭ አሮጌውን አስደርቦ ማሠራት

«እግረ መንገዱን ይሥራልን፣ ይረክሳል» ይባላል። አይረክስም። አዲስ ፎቅ የሚሠራ ሰው የሚያውቀው ሲሚንቶ ነው። የድሮው ግድግዳ በድንጋይና በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ ነው፤ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ውስጥ ይታሰርና ድንጋዩን ይበላዋል። ሥዕሉንም ከኋላ ያበሰብሰዋል። ከውጭ ሲያዩት ግን ለሁለት ዓመት ያምራል። የኖራ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ለብቻው ቅጠሩ፣ ውሉም ለብቻው ይሁን።

የነገውን ጥገና መርሳት

ሴንት ጆን ውስጥ መሐል ላይ ያለው የሸክላ ጉልላት በ1909 ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬም እዚያው ነው፤ በየዘመኑም ይጠገናል። ለጊዜው የተባለ ነገር መቶ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የሚከታተለው ሰው ካለ ነው።

ኪራይ መግባት ሲጀምር በየወሩ ቁርጥ ያለ ድርሻ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። ሰበካ ጉባኤው ሲቀየርም እንዳይነካ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጻፉት። ከዚያ ድርሻ መጀመሪያ የሚከፈለው ደመወዝ፣ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መሰላል አቁሞ አሸንዳውን የሚጠርገው ሰው ይሁን።