ውሻን ጥሬ ሥጋና አጥንት ሲያለማምዱ የሚሠሩ ስህተቶች

ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጡለት አባቴ ናቸው። ለጎረቤት መልእክት ያለው ስም ነው፤ ዝርዝሩ ይቅር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያደገው በእንጀራ ፍርፋሪና በወጥ ትራፊ ነው። ጥሬ ሥጋ ላስለምደው ስነሳ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ጎረቤታችን የሆኑት እትየ አጥር ላይ ተደግፈው፣ «ኧረ ተው ልጀ፣ ደም የለመደ ውሻ ሰው ይነክሳል» አሉኝ።

ይህን ያልሰማ የጎንደር ውሻ ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ጥሬ ሥጋ ውሻን ተናካሽ አያደርገውም። እኛስ ስንት ሠርግ ላይ ቁርጥ በልተን ማንን ነከስን? እትየ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። አጥንት የያዘ ውሻ አጥንቱን ይከላከላል። ልጆች ሲበላ አይጠጉት፣ ከአፉም አይንጠቁት።

ደግሞ ጥሬ ለከተማችን ውሻ አዲስ ነገር አይደለም። በግ በታረደ ቁጥር ድርሻው ይወረወርለታል። አዲሱ ነገር በየቀኑ ማድረጉ ነው። በዓመት ሦስትና አራት ቀን ሲሆን የሚታለፍ ስህተት በየቀኑ ሲሆን አይታለፍም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ጥሬ አመጋገብን አይመክሩም። ምክንያታቸውም ባዶ አይደለም፤ ሳልሞኔላና ኢ.ኮላይ የሚባሉት ሆድ የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ከውሻው ሳህንና ከአፉ ወደ ቤተሰቡ ሊተላለፉ ይችላሉ። ቤታችሁ ጨቅላ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሰውነቱ በሕመም የተዳከመ ሰው ካለ አትጀምሩት። ለቡችላም እንዲሁ በግምት አይሆንም።

በአንድ ቀን መገልበጥ

ይህ የእኔ ስህተት ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከልኳንዳ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ለመቻል ሙሉውን አቀረብኩለት። ሳያላምጥ ዋጠው። እኔም ኮራሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ባትሪ ይዤ ግቢ ሳጥብ ነበር።

ዓመታት ሙሉ እህል የለመደ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም እህል የለመዱ ናቸው። ለመለወጥ ቀናት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሩቡን ብቻ ጥሬ አድርጉ። ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ። በአጠቃላይ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ዕድሜው ለገፋ ውሻ ሦስት ሳምንትም ቢሆን አይበዛም። የሥጋውንም ዓይነት አትቀያይሩ፤ በበሬ ከጀመራችሁ ሆዱ እስኪረጋ በበሬ ቀጥሉ። አጥንት ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የሆድ ዕቃ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ይግባ።

በነዚህ ቀናት የድሮውን ምግብ ስትቀላቅሉ ወጥ የነካው እንጀራ አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ይህ ለጥሬውም ለበሰለውም አመጋገብ ይሠራል። ዶሮ ወጥ ውስጥ ያለውን የሽንኩርት ብዛት ታውቁታላችሁ።

በጮማ መጀመር

ለሚወዱት ጮማ መስጠት ባህላችን ነው። ውሻ ላይ ግን አይሠራም። ላት፣ ሞራ፣ የደረት ጮማ ለጀማሪ ሆድ ከባድ ናቸው። ድንገት የገባ ብዙ ስብ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ቆሽቱ የታመመ ውሻ ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ምግብ አይቀርብም። ቀይ ሥጋ ጠይቁ። ባለልኳንዳው «ለውሻ ነው እንዴ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ላይ ስቋል። አሁን ሲያየኝ ቁርጥራጩን ራሱ ለይቶ ያስቀምጥልኛል።

የተጣለውን ሁሉ ለውሻ መወርወር

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ አደጋው ከውሻው አልፎ እኛው ላይ ስለሚደርስ።

በዓል ሲመጣ በጉ ግቢ ውስጥ ይታረዳል። ቄራ ቢሆን ሳንባና ጉበቱን የሚያይ መርማሪ አለ። ግቢ ውስጥ መርማሪው አራጁ ነው። አራጁም ጉበቱ ላይ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ሲያይ ምን ያደርጋል? «ይሄ አይበላም» ይልና ለውሻው ይወረውራል።

ከረጢቱ ሃይዳቲድ ይባላል። ውስጡ የአንድ ትል ዕጭ አለ። ውሻው ሲበላው ዕጩ አንጀቱ ውስጥ አድጎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ትል ይሆናል። ውሻው አይከሳም፣ አያመውም፤ ምንም አታዩበትም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን አቅፎ ባልታጠበ እጁ ዳቦ ከበላ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል። ከዚያ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና እንጂ አይወጣም።

የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። ገበሬዎቻችን አዙሪት የሚሉትን በሽታ ታውቁታላችሁ፤ በጉ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ የሚወድቅበትን። መንስኤው አንጎሉ ውስጥ ያለ የትል ከረጢት ነው። ያንን ጭንቅላት የበላ ውሻ እንቁላሉን ግጦሹ ላይ ይበትናል፣ በጎቹም ይታመማሉ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከረጢት ያለበት ነገር ለማንም አይሰጥም። ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት ይቀበር። ንፁህ የሚመስለውንም ጉበትና ልብ እኔ ለግማሽ ሰዓት እቀቅለዋለሁ። ጥሬነቱ ይቅር። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢያንስ ለ10 ቀን ማቆየት ይችላል፤ ግን በመሃል መብራት ሲጠፋ ቆጠራው ይበላሻል፣ ይህንን ደግሞ ለጎንደር ሰው አልነግርም። በረዶ የትሉን ዕጭ ይገድላል እንጂ ሳልሞኔላን አያጠፋም።

የትል መድኃኒትም አለ። ለዚህ የሚሆነው ፕራዚኳንትል ነው። «የትል መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ ሁሉም የትል መድኃኒት ይህን ዓይነቱን አይገድልም። በስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ውሻው ከረጢቱን ከበላ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ትሉ እንቁላል መጣል ስለሚጀምር በዓመት አንዴ መስጠት ብዙ አይረዳም። ከተማችን የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሚጠየቅ ሰው አናጣም።

አጥንት ሁሉ አንድ ይመስላል

አይደለም። የበሰለ አጥንት በፍጹም። ከቅቅል ድስት የወጣ፣ ከጥብስ የተረፈ፣ ከዶሮ ወጥ የተለቀመ አጥንት ሲነከስ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮ ወይም አንጀት ይወጋል። በዓል ማግስት ውሾች የሚታመሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥሬውም ይለያያል። የበሬ ቅልጥም ለውሻ የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን ያን ሁሉ ክብደት የተሸከመ አጥንት ከጥርስ ይጠነክራል። መቻል አንድ የመንጋጋ ጥርሱ የተሸረፈው በቅልጥም ነው። በመጥረቢያ የተፈለጠ ደግሞ ጠርዙ ስለት ነው፣ ፍንካቹም ይዋጣል። የተሻለው የበግ ጎድን፣ የበግ አንገት፣ ወይም የዶሮ እግር ነው። የዶሮ እግር ቤታችን ለወጥ አይገባም፣ ይጣላል። አሁን እትየ ሳይቀሩ ለመቻል ያስቀምጡለታል።

አጥንቱ ውሻው በአንዴ ሊውጠው ከሚችለው በላይ ይሁን። ለትልቅ ውሻ የዶሮ አንገት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሳያላምጥ ወርዶ ይቀረቀራል። የሚስገበገብ ከሆነ የዶሮ እግሩንም ቀጥቅጣችሁ ስጡት። ሲበላ ደግሞ አብራችሁት ቁሙ። ሰጥቶ ቡና ለመጠጣት ጎረቤት መሄድ የለም።

ሥጋ ብቻ መስጠት፣ ሳይመዝኑ መስጠት

«አጥንት ካስፈራኝ ሥጋውን ብቻ ልስጠው» ያለኝ ወዳጅ አለ። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ውሻው የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይወስዳል። ቡችላ ላይ በፍጥነት ይታያል፤ እግሩ ይጎብጣል፣ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል።

የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው። ያደገ ውሻ በቀን የክብደቱን ከ2 እስከ 3 በመቶ ይበላል። መቻል 20 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ 500 ግራም ገደማ። ከዚህ 400 ግራሙ ሥጋ፣ 50 ግራሙ አጥንት፣ 50 ግራሙ የሆድ ዕቃ ነው፤ ከሆድ ዕቃው ግማሹ ብቻ ጉበት ይሁን። ጉበት ርካሽ ሆኖ ሲገኝ ሳህን መሙላት ያምራል፤ ጉበት የሞላው ቫይታሚን ኤ ግን ሲበዛ መርዝ ነው።

አጥንት መስጠት የማይችል የእንቁላል ቅርፊት ያድርቅና እንደ ዱቄት ይፍጨው፤ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የቡናውን ሙቀጫ ግን አትንኩ። እኔ ነክቼ ከባለቤቴ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ሚዛኑ ልክ መሆኑን ዓይነ ምድሩ ይነግራችኋል። ነጭና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል፤ ሲያምጥም ታዩታላችሁ። ከቀጠነ አጥንቱ አንሷል ወይም ስቡና የሆድ ዕቃው በዝቷል። ውኃ መጠጣቱ ከቀነሰ ግን አትደንግጡ፤ ሥጋው ራሱ ውኃ አለው።

ሁዳዴን መርሳት

ፋሲካ ላይ የጀመረ ሰው ይህን አያስበውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ብዙ ልኳንዳ ይዘጋል። ያን ጊዜ ውሻውን በአንድ ቀን ወደ እንጀራ መመለስ የመጀመሪያውን ስህተት ገልብጦ መድገም ነው። የሙስሊም ልኳንዳ ለጾሙ አይዘጋም። እንቁላልም አለ። የጣና አሳ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደ ልብ ይገኛል፤ ቀቅላችሁ እሾሁን ልቀሙለት። ይህም ካልሆነ ከቅበላ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ጥሬውን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ።

ሳህኑን ማሳደር

ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል። ያልበላውን አንሱ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ዝንቡ ከእናንተ ይቀድማል። የውሻው ቢላዋና መክተፊያ የብቻው ይሁን። ሳህኑን በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ አለቅልቁት።

«ይለምደዋል» እያሉ መጠበቅ

አንድ ሁለት ቀን የላላ ሆድ ይጠበቃል። አንድ ምግብ መዝለልም ችግር የለውም። ደም ከታየ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ ወይም ምራቁን እያዝረበረበ በመዳፉ አፉን የሚያሽ ከሆነ ግን አጥንት ተቀርቅሮ ይሆናል፣ ወይም ሌላ የከፋ ነገር አለ። ዘይት አታጠጡት፣ ጣታችሁንም ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። የበላውን የአጥንት ዓይነትና ሰዓቱን ለሐኪሙ ለመንገር አስታውሱና ይዛችሁት ሂዱ። ማታ ከሆነም ንጋትን አትጠብቁ።