የቡቺ ቡችሎችና የልጆቼ ጤና

ፍኖተ ሰላም ግቢያችን ውስጥ ቡቺ አምስት ቡችሎች ወለደች። ሆዳቸው ሲነፋ ጥጋብ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወስፋት ነው! ከእናትየው በማህፀንም በጡትም ይተላለፋል። መድኃኒቱን በ2 ሳምንታቸው ጀምሩ፤ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ስጡ። እናትየውንም አትርሱ። ትልቅ ውሻ በየ3 ወሩ ይበቃዋል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ።

ዓይነምድሩን በየቀኑ አንሱ። እንቁላሉ አፈር ላይ ሰንብቶ ነው ለመያዝ የሚደርሰው። ልጅ በአፈር እጁ ከበላ ትሉ ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። እጃቸውን በሳሙና አስታጥቡ።

ቅርጫ ስንካፈል ደግሞ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ እንወረውራለን። እባካችሁ ይሄን ተዉ! ከዚያ የሚይዘው ትል በእንቁላሉ በኩል ለእኛም ጉበት ይተርፋል። ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት።