በሰፈር ቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔትና ሳክስፎን እንዴት ይነፋል?

አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ከተማም ብትሆን ብዙውን ጊዜ የራሷ አማተር ቲያትር አታጣም። ቀን ቀን መምህር፣ ነርስ ወይም ሹፌር የሆኑ ሰዎች ማታ ተሰብስበው ሙዚቃዊ ተውኔት ይሠራሉ። ዘፋኝ ሞልቷል። የሚጠፋው ፍሉት፣ ክላርኔትና ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ነው። ከነዚህ አንዱን የምትነፉና ኖታ የምታነቡ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ክፍያ ግን አትጠብቁ፤ ቢበዛ የቤንዚን ነው።

ኦርኬስትራው የሚቀመጥበት ቦታ ፒት ይባላል። በትልልቅ ቲያትር ቤቶች ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ የተሠራ ጉድጓድ ነው። በትንንሾቹ የመድረኩ ጥግ ወይም የመጋረጃው ጀርባ ሊሆን ይችላል። እኔ የመጀመሪያዬን የነፋሁት የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ በር ተደግፌ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትነፉ እወቁ

የሚሰጣችሁ የኖታ ጥራዝ ላይ ብዙውን ጊዜ “ክላርኔት” የሚል ስም አታገኙም። “ሪድ 1”፣ “ሪድ 2” ነው የሚለው። ሪድ መሣሪያው አፍ ላይ የምትታሰረው የሸምበቆ ስንጥር ናት። ሪድ የሌለው ፍሉትም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ለምን አትበሉኝ። ዋናው ነገር አንድ ጥራዝ ማለት አንድ ሰው ማለት ነው። አንድ መሣሪያ ማለት ግን አይደለም።

በ1957 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር በብሮድዌይ የወጣውን ዌስት ሳይድ ስቶሪ የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ውሰዱ። የሪድ 3 ተጫዋች ፒኮሎ፣ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ኢንግሊሽ ሆርን፣ ክላርኔት፣ ባስ ክላርኔት፣ ቴነርና ባሪቶን ሳክስፎን ይጠበቅበታል። ስምንት መሣሪያ! ይህን ሁሉ የሚችል ሰው በሰፈር ቲያትር ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ እሺ ከማለታችሁ በፊት ጥራዙን አስልኩና ምን ምን እንዳለበት እዩ። የማትችሉትን ለኦርኬስትራው መሪ በግልጽ ንገሩ። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አለ። ለምሳሌ የኦቦውን ክፍል በክላርኔት መንፋት ይቻላል፤ ኖታውን አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ መጻፍ ነው። በልምምድ ቀን በዓይን እያነበብኩ እቀይረዋለሁ አትበሉ። ቤት ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ፦ መቀያየሩን ተለማመዱ

ሰው የሚያሳብደው ኖታው አይደለም፣ መቀያየሩ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ዜማውን ለሳምንታት ሲያጠና ይከርምና ሳክስፎን አስቀምጦ ክላርኔት ማንሳትን አንዴም አይለማመድም።

ጥራዙን ከፍታችሁ መሣሪያ የሚቀየርበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አክብቡ። በመካከል ስንት ባር ዕረፍት እንዳለ አጠገቡ ጻፉ። ከዚያ ወደ ሰከንድ ለውጡት። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን፣ ባሩ አራት ምት ከሆነ፣ አራት ባር ማለት ስምንት ሰከንድ ነው። በስምንት ሰከንድ ውስጥ ሳክስፎኑን ከአንገት ማንጠልጠያው ትፈታላችሁ፣ መቆሚያው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ክላርኔቱን ታነሳላችሁ፣ ገጽ ትገልጣላችሁ። አንዳንዴ ብልሃቱ ጨርሶ አለመፍታት ነው። ሳክስፎኑ አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ጎን ይገፋና ክላርኔቱ ይነፋል። መቆሚያዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ጨለማ ነው፤ እጃችሁ ሳያይ ማግኘት አለበት።

ሁለት ነገር ደግሞ ተደብቆ ይጠብቃችኋል። አንዱ ብርድ ነው። ሃያ ደቂቃ የተቀመጠ ክላርኔት ይቀዘቅዝና ድምፁ ከቅኝት ዝቅ ይላል። ከመግባታችሁ በፊት ድምፅ ሳታሰሙ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፉበት። ሪዷም ትደርቃለች፤ ክዳኑን አትርሱ። ብዙ ለማትነፉት መሣሪያ የፕላስቲክ ሪድ ብትገዙ አታፍሩ፣ እሱ ድርቀት አያውቅም።

ሌላው ጣት ነው። የሳክስፎንና የፍሉት አጣጣል ይቀራረባል። ክላርኔት ግን ተንኮለኛ ነው። በሳክስፎን የአውራ ጣቱን የኦክታቭ ቁልፍ ስትጫኑ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። በክላርኔት ግን አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ላይ ይዘላል፤ ሌላ ኖታ ነው። የሚነበበው ስኬልም ይለወጣል። ፒያኖው በሲ ቤሞል ሜጀር ሲጫወት አልቶ ሳክስፎን ሶል ሜጀር፣ ክላርኔት ዶ ሜጀር ያነባል። ስለዚህ ከተቀየረ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሁለት ባሮች ለብቻ አጥኗቸው። ስህተቱ እዚያ ነው የሚፈጠረው።

ከመድረኩ ጋር መሄድ

“ቫምፕ” የሚል ቃል ታያላችሁ። ተዋናዩ ንግግሩን እስኪጨርስ ሁለት ወይም አራት ባር እየደጋገሙ መጠበቅ ማለት ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚያሳየው መሪው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሚነገረውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ኖታው ላይ ጻፉ። ሙዚቀኞች እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ትንሽ መነጽር ይስላሉ፤ “ቀና ብለህ እይ” ማለት ነው።

ዘፋኝ ግጥም ይረሳል፤ አንድ ስንኝ ዘሎ ይሄዳል። ያኔ የት እንዳለን ግራ ከገባችሁ ዝም በሉ። መሪውን እዩ፣ ባሱን ስሙ፣ ሲገባችሁ ግቡ። የጠፋ ክላርኔት ማንም አያስተውልም። ያለ ቦታው የገባን ግን አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል፤ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ድምፅም ቀንሱ። እኛ ሳክስፎንን የወደድነው ጌታቸው መኩሪያ ሲሸልልበት ሰምተን ነው። እዚህ ግን ሽለላ የለም። ከፊታችሁ ያለችው ልጅ ምናልባት ማይክ የላትም፤ የምትዘፍነውም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። ቃሏን መስማት ካቃታችሁ ድምፃችሁ በዝቷል ማለት ነው።

ሲትስፕሮብ የሚባል አንድ ልምምድ አለ። ዘፋኞቹ ሳይተውኑ፣ ቁጭ ብለው፣ ከኦርኬስትራው ጋር መጀመሪያ የሚዘፍኑበት ቀን ነው። የፈለጋችሁትን ቅሩ፣ ከዚህ አትቅሩ። ዘፈኑ ከተለማመዳችሁት ፍጥነት የሚለይ መሆኑን የምታውቁት ያን ቀን ነው።

ለትዕይንቱ ምሽት ጥቁር ልብስ፣ የኖታ መብራት፣ ትርፍ ሪድ፣ እርሳስና ውኃ ያዙ። ስልክ ይጥፋ።

ሲያልቅ

ጥራዞቹ አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ናቸው። በእስክሪብቶ ፈጽሞ አይጻፍባቸውም፤ የእርሳሱም ጽሑፍ ከመመለሱ በፊት ይጠፋል። አለበለዚያ አከራዩ ቲያትር ቤቱን ሊያስከፍል ይችላል። ባለፈው ላጲስ ይዤ አንድ ሙሉ ማታ ስፈትግ አመሸሁ። አንድ ገጽ ላይ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የሳላት፣ በደንብ ያልጠፋች መነጽር ነበረች። ሁለት ጊዜ አድናኛለች። እሷን አልነካኋትም።